ላሸክምዎት? ለእንጦጦ የእሁድ ተጓዦች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ እሁድ እሁድ በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በጉራራ ሰፈሮች በኩል እንጦጦ ለምትወጡ ሁሉ፤ ለጉዞ አዘጋጆችም ጭምር

ውድ ተጓዦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔም ከእናንተ አንዷ ነኝ። ስድስቱን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ። በሰባተኛው እንጦጦ እወጣለሁ። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጠሩ። ይህን የምጽፈው ከመሃላችሁ ሆኜ ነው።

ልመናዬ ስለ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ነው። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲመጡ መንገድ እንልቀቅላቸው። ሸክማቸውን አሳርፈው ካገኘናቸው እናሸክማቸው። ፎቶ አናንሳቸው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ለምን እንደምለምን ላስረዳ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ያውቀዋል። የሀገር ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። አትሌቶች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወደ ላይ ይሮጣሉ። እኛ ቀስ ብለን እንከተላለን። መሃል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ይጠጋል። ልዩነቱ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ሳንባ ግን ያውቀዋል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወሬው ሁሉ ይቋረጣል።

ከዚያ ሸንተረሩ ላይ ብቅ ይባላል። ወደ ደቡብ ስታዩ ከተማው በሙሉ እግራችሁ ሥር ተዘርግቷል። ከከተማው ባሻገር በግራ የረር አለ። በቀኝ ወጨጫና ፉሪ አሉ። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ዝቋላ ከሩቅ እንደ ተደፋ ቁና ብቻውን ጉብ ብሎ ይታያል። ዞር ስትሉ ሱሉልታ ነው። መስከረም ላይ ሜዳው አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ አደይ አበባ። ለማየት ማለዳ ነው የሚሻለው። ረፈድ ካለ የከተማው ጭስና ብናኝ ይነሳና ዝቋላን ይሸፍነዋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን በዓይን የማይታየውን ነው። ያ ሸንተረር ውሃ ያካፍላል። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንን አልፎ ግብፅ ድረስ ይሄዳል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በሌሎቹ የከተማችን ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ክረምት ላይ እዚያ አናት ላይ ቆሜ ዝናብ ሲመታኝ ሁልጊዜ ይህን አስባለሁ። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተለያይተው ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ ለማየት የምንሄድበትን መንገድ ግን ለእኛ ብሎ የሠራው የለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ፓርክ የራሱ መንገድ አለው። እሱን እያልኩ አይደለም። የማወራው ከዚያ ውጪ ስላሉት የእግር መንገዶች ነው። እነሱን ያወጣቸው የከብት፣ የአህያ፣ የጸበልተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሳሚና የገበያተኛ እግር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንጨት ተሸካሚ ሴት እግር። የስንት ዓመት ምልልስና የክረምት ጎርፍ አንድ ላይ ሆነው አፈሩን ጠርገውታል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ እንደ ቦይ ጠልቋል። ግራና ቀኙ ወገብ ይደርሳል። ስፋቱ የአንድ ሰው፣ ቢበዛ የአንድ አህያ ነው።

አንድ እሁድ፣ ጥቅምት ላይ፣ እንዲህ ያለ ቦይ ውስጥ ነበርን። አርባ አምስት ሰው ነን። እየወጣን ነው። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ዛፎቹ ገለጥ ይሉና ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። ሁላችንም እዚያው ቆምን። ስልክ ወጣ። አንዱ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጥቶ ስለነበር ዘፈን ከፍቷል። ከላይ አንዲት እናት ቅጠል ተሸክመው እየወረዱ ነበር። በኋላ እንደገባኝ መንገድ እንድንለቅ ጠይቀውናል። ከዘፈኑ የተነሳ አልሰማናቸውም። ቆሙ። እኛ ፎቶ ስንነሳ እሳቸው ሸክሙን እንደያዙ ቆመው ጠበቁን።

ከመሃላችን አንድ ልጅ አያቸውና ስልኩን ወደሳቸው አዞረ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከዚያ መጠበቅ ሲያቅታቸው ወደ ጎን ዞር ብለው በመሃላችን ለማለፍ ሞከሩ። ቅጠሉ ልብሳችንን እየጠረገ አለፈ። አንዷ ጃኬቴ ብላ ጮኸች። በዚህ መሃል እግራቸው ጠጠር ላይ ተንሸራተተና በጉልበታቸው ወረዱ።

ሁላችንም ደነገጥን። ውሃ የሰጠ አለ። ብር ያወጣ አለ። እሳቸው ግን የፈለጉት ሌላ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «አሸክሚኝ ልጄ» አሉኝ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

አዲስ አበባ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ቃሉን ከልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። እጄ ግን አያውቀውም። ከመካከላችን ገጠር ያደገ አንድ ወንድም ወጣ። አንተ በዚህ፣ አንቺ በዚህ ብሎ ግራና ቀኝ አቆመን። ሸክሙን ከሥር ያዝን። እሳቸው ገመዱን አስተካከሉ፣ አንድ ጉልበታቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እሳቸው ሲነሱ እኛ አብረን አነሳን። ያን ጊዜ ክብደቱን በእጄ አወቅኩት። ለሁለት ይዘነው እንኳን ክንዴ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው መርቀውን ወረዱ። ጫማቸው ኮንጎ ነበር።

ያን ቀን ከአናቱ ላይ ያየሁትን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቀን ብቻዬን እየሄድኩ፣ ሲያርፉ እያገኘኋቸው፣ ከተለያዩ እናቶችና ልጃገረዶች ጋር ተቀምጬ አውርቻለሁ። ስለ ሸክሙ የማውቀውን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ የማስበውን ልንገራችሁ።

ሸክሙ ጀርባ ላይ የሚተኛው በአግድሙ ነው። ከግራ ጫፉ እስከ ቀኝ ጫፉ ከተሸካሚዋ ቁመት ይበልጣል። ስለዚህ በጠባብ መንገድ ላይ ግድግዳውን ተጠግቶ መቆም መንገድ መልቀቅ አይደለም። ሸክሙ ይነካችኋል፤ እሷንም ያንገዳግዳታል። 30 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ብርቅ አይደለም። ከተሸካሚዋ ከራሷ ክብደት የሚስተካከልም አለ። ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው። የምታየው ከእግሯ ፊት ያለውን ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። እናንተን አታያችሁም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንደ ልብ መቆም የለም። ሸክሙ ራሱ ይገፋታል።

ስለዚህ ከሩቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ከሰማችሁ ወይም የሚንቀሳቀስ ክምር ካያችሁ፣ ከቦዩ ውጡ። ዳሩ ላይ ውጡና ቁሙ። መውጫ ከሌለ ሰፋ ያለ ቦታ እስክታገኙ ተመለሱ። ገደላማ ቦታ ከሆነ ከበላይዋ ሁኑ እንጂ ከታች በኩል አትቁሙ። ብትንሸራተት ከነሸክሟ የምትመጣው ወደ ታች ነው። ውሻ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ እባካችሁ ያን ጊዜ ያዙት።

ሰላምታም አትንፈጓቸው። «ያበርታሽ እናቴ»፣ «አይዞሽ እህቴ» ማለት ትንፋሽ አይጨርስም። ግን አስቁማችሁ ወሬ አትጀምሩ። ስትቆም ሸክሙ አይቆምላትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሸክም አውርዶ ማረፍ ቀላል ይመስላል። የሚከብደው እንደገና መነሳቱ ነው። ብቻዋን ያለች ሴት ሸክሟን መሬት ላይ ካወረደች የሚያሸክማት ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖርባት ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ መሬት ላይ የማያወርዱት። ወገብ የሚደርስ ዳር ወይም ድንጋይ ይፈልጋሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክሙን እዚያ ላይ ያስደግፋሉ። ገመዱን ሳይፈቱ ትንሽ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ይነሳሉ። መንገዱ ላይ እንዲህ ያሉ ማሳረፊያዎች አሉ። የት የት እንዳሉ እነሱ በቃላቸው ያውቋቸዋል። ከአንዱ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ጉልበታቸው ለክቶታል።

እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? ቁጭ የምንለው እዚያ ላይ ነው። ለመቀመጥ ምቹ ነው፤ ቁመቱ ልክ ነው፣ ድንጋዩ ለስልሷል። ብዙውን ጊዜም ከተማው ደህና አድርጎ የሚታየው ከዚያ ነው። ቦርሳችንን ደርድረን፣ ዳቦና ሙዝ አውጥተን ግማሽ ሰዓት እንቆያለን። እነሱ ሲደርሱ ቦታው ተይዟል። ተነሱ አይሉንም። አልፈው ይሄዳሉ። እስከሚቀጥለው ድረስ።

ይህን ሳላውቅ ስንት እሁድ እንደተቀመጥኩ ሳስብ ያመኛል።

ስለ ፎቶውም ላንሳ። እኔም አንስቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከነሸክማቸው፣ ከኋላቸው ከተማው ሲታይ አንስቼ ለጥፌው ነበር። ብዙ ሰው ወደደው። የእንጦጦ ጀግና፣ የጥንካሬ ምልክት ተባለ። አሁን አጥፍቼዋለሁ። ምክንያቱን አንዲት ልጅ ነች የነገረችኝ። አንዳንዱ ቦታ እንጨት መልቀም ይከለከላል። ጥበቃ ያያቸዋል፣ ያባርራቸዋል፣ ገመዳቸውን የሚቀማም አለ። ፊቷ ከነሸክሟ ስልክ ላይ ሲዞር ነገ ምን እንደሚያመጣባት አታውቅም። ሌላም አለ። ይህን ሥራ እንደምትሠራ ለዘመዶቿ ያልነገረች አለች። ለልጆቿ የትምህርት ቤት ጓደኞች መታየት የማትፈልግ አለች። ይህን ሁሉ እኛ በአንድ ጠቅታ እንወስንላታለን። ከጀርባ ነው ያነሳሁት፣ ፊቷ አይታይም የሚለኝ ሰው አለ። ጠይቀሃት ነው? እላለሁ። ሸክም ላይ ያለን ሰው አስቁሞ ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ በራሱ በደል ነው። ስለዚህ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ከተማው የትም አይሄድም፤ እሱን አንሱት።

አንዳንዶቻችሁ እነዚህ ሴቶች እኮ ደኑን እየጨረሱት ነው ትላላችሁ። ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። እኔ ያየሁት አብዛኛው ሸክም ቅጠልና ጭራሮ፣ የወደቀ ቅርንጫፍና ልጣጭ ነው። ግንድ የሚጥለው ሌላ ነው። ለማንኛውም የደኑ ጉዳይ እሁድ ጠዋት ጠባብ መንገድ ላይ አይፈታም። እዚያ ያለው አንድ ሰውና አንድ ሸክም ነው።

ደግሞም ታሪኩን እናስታውስ። እንጦጦ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ መናገሻ ነበር። ንጉሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። አዲስ አበባ ግን በ1879 ዓ.ም. ታች ፍልውሃ አጠገብ ተቆርቁራ ነበርና ሕዝቡ ወደዚያ ወረደ። ጽዱና ወይራው ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ ዋና ከተማውን በስተምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር ታስቦ ግንባታ ሁሉ ተጀምሮ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የመጣው ባህር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አድጎ ነው ነገሩን የለወጠው። ይህች ከተማ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችው በባህር ዛፍ ነው ይባላል። ባህር ዛፉን ከተራራው ወደ ምጣዱ ያደረሰው ግን የሴት ጀርባ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል እሳቱ ኃይለኛ ነው፤ እንጀራ ለመጋገር ይመረጣል። ዛሬ ብዙዎቻችን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጋግራለን ወይም ገዝተን እንበላለን። የምንገዛውን እንጀራ ግን ምን እንዳበሰለው ጠይቀን አናውቅም። ከእንጦጦ የወረደ ቅጠል ሊሆን ይችላል።

ለጉዞ አዘጋጆች የተለየ ቃል አለኝ። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ክብ ሠርተን ስንቆም ብዙ ትመክሩናላችሁ። ውሃ ያዙ፣ ኮፍያ አድርጉ፣ ከቡድን አትነጠሉ፣ ጅብ ስላለ ሳይመሽ እንወርዳለን። ጥሩ ነው። ሁለት ደቂቃ ጨምሩና ስለ ሸክሙ ንገሩን። እንዴት እንደሚያሸክሙ አሳዩን። ቦርሳ በቦርሳ ላይ አስራችሁ እዚያው ሜዳው ላይ ልናለማምደው እንችላለን። ሃምሳ ሰው በአንድ ሰልፍ ቦይ ውስጥ አታስገቡ። አስር አስር አድርጋችሁ ብትለቁን መተላለፍ ይቀላል። የቡድን ፎቶ አናቱ ላይ፣ ሜዳው ላይ ይሁን። ድምፅ ማጉያ ጠባቡ መንገድ ላይ ይዘጋ። «መንገድ!» የሚል ሰው ሲመጣ መስማት አለብን።

ሰዓቱንም አስቡበት። እነሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ይወጣሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው በብዛት ሲወርዱ የማገኛቸው። ብዙው የእኛ ቡድን ደግሞ ልክ በዚያን ሰዓት ነው ተንጋግቶ የሚወጣው። አንድ ሰዓት ቀደም ብንል ጠባቡን ሳይደርሱ እናልፈዋለን። ዝቋላንም እናየዋለን።

ገንዘብ እንስጥ ወይ የሚለኝ አለ። መስጠት መልካም ነው፤ ማንንም አልከለክልም። ፎቶ አንስቶ መስጠት ግን አይሁን፤ ያ ግዢ ነው። ከተቀመጡ አብራችሁ ተቀመጡ። ዳቦ ካላችሁ ቁረሱና አብራችሁ ብሉ። ሲነሱ ደግሞ ተነሱና ከሥር ያዙ።

አያያዙን አልደብቃችሁም፤ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ቅርንጫፉን ከላይ አትጎትቱ፤ እስሩ ይፈታል። ከሥር፣ ገመዱ ካለበት አጠገብ ያዙ። እሷ «እሺ» እስክትል አታንሱ። ከተነሳች በኋላም ወዲያው አትልቀቁ። ሁለት እርምጃ አብራችኋት ሂዱ፤ ሚዛኗን ስትይዝ በእጃችሁ ይታወቃችኋል። መጀመሪያ ግን ጠይቁ። ትልቅ ከሆኑ «ላሸክምዎት እናቴ?» በሉ። ታናሽ ከሆነች «ላሸክምሽ እህቴ?» በሉ። አይ ካሉ እሺ ብላችሁ ዞር በሉ።

የፊታችን እሁድ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ የሚወጣውን የእግር መንገድ ከያዛችሁ አንድ ድንጋይ ታገኛላችሁ። በስተቀኝ ነው፤ ወገብ ይደርሳል። ከላዩ ሸክም ሲደገፍበት ኖሮ ለስልሷል። ከጎኑ ገመድ የበላው ጭረት አለ። ከዚያ ከተማው በሙሉ ይታያል። እዚያ ላይ አትቀመጡ። ትንሽ ወጣ ስትሉ ሣር ያለበት ሜዳ አለ፤ እዚያ እጠብቃችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የእሁድ ተጓዥ እህታችሁ
አዲስ አበባ